ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዚየም ምን ይሠራል?

እስቲ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ነው የምትገኙት? ገሚሶቻችሁ ካፌ በረንዳ ላይ አንድ ማኪያቶ ለሁለት ሰዓት ታስታምማላችሁ። ገሚሶቻችሁ የእንግሊዝ ኳስ የሚያሳይ ቤት ውስጥ መቀመጫ ለመያዝ ትጋፋላችሁ። የቀራችሁት አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ስልካችሁን በአውራ ጣት ስትገፉ ይመሻል። ለመንቀፍ አይደለም። ሳያስከፍሉ የሚያስቀምጡበት ቦታ በሌለበት ከተማ ወጣቱ የት ይሂድ?

ታዲያ ዛሬ አንድ ቦታ ልንጠቁማችሁ ነው። ሳቅ እንዳትሉ ብቻ! ሙዚየም።

«ውይ! የፈረንጅ ቦታ?» ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ለአብዛኞቻችን ሙዚየም ማለት ስድስተኛ ክፍል እያለን ዳቦ በፌስታል ይዘን፣ በአውቶቡስ ታጭቀን አምስት ኪሎ የወረድንበት ነው። መምህሩ «አትንኩ!» ሲሉ ይውላሉ። እኛ ድንቅነሽን በመስታወት አጮልቀን «ይቺ ናት እንዴ?» ብለን እንመለሳለን። ከዚያ ወዲህ በበሩ ዝር ያለ አለ? ዘመድ ከውጭ ሲመጣና መውሰጃ ሲጠፋ ካልሆነ በቀር።

የምንላችሁ ግን ዕቃ ስለማየት አይደለም። ሙዚየሞች አልፎ አልፎ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ያዘጋጃሉ። አንድ አጥኚ ወይም ዘመኑን የኖረ ሰው ይቀመጥና ስለ አንድ ጉዳይ ይናገራል፤ ከዚያ መድረኩ ለጥያቄ ይለቀቃል። ብዙውን ጊዜ ለመግባት የሚጠይቁት ገንዘብ የለም። ማስታወቂያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ወይ በቴሌግራም ይዞራል፣ ወይ ደግሞ (ይኼ ነው የሚበዛው) ሰው ለሰው ይነግራል። ለዚህም ነው አዳራሹ ግማሽ ባዶ የሚሆነው።

የፊት ወንበርና የኋላ ወንበር

እናላችሁ፣ እንዲህ ያለ አዳራሽ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ፊት ለፊት የተደረደሩትን አዛውንቶች ነው። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ፣ ደብተር የያዙ። ተናጋሪው አንድ ዓመተ ምሕረት ሲስት ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። እነሱ አይፎርሹም፤ ዝናብም ቢሆን ይመጣሉ። መካከል ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ ግማሾቹ መምህር ልኳቸው፣ ግማሾቹ ወደው። ከኋላ ደግሞ ጥንዶች፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉና ዝናብ ያስገባቸው።

ማይክሮፎኑ መጮሁ አይቀርም። አንዱ ተነስቶ መታ መታ ያደርገዋል፤ የባሰ ይጮኻል።

ከሁሉ በላይ ግን ልታውቁት የሚገባ አንድ ሰው አለ። ንግግሩ አልቆ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጁ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው ሰውዬ! «ሁለት ጥያቄና አንድ አስተያየት አለኝ» ብሎ ይጀምራል። አስተያየቱ ከንግሥተ ሳባ ይነሳል። አክሱም ላይ ትንሽ ይቆያል፤ ላሊበላን ይሳለማል፤ ጎንደር ሲደርስ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል። ሰውዬው ግን «ወደ ጥያቄዬ ስመለስ…» ይላል። መች ሄደበትና ነው የሚመለሰው? አዳራሹ ያጉተመትማል፣ እሱ ደስ ይለዋል። በመጨረሻ ጥያቄው ምን እንደነበር ራሱም ይረሳዋል።

እናንተ እንደሱ እንዳትሆኑ። ጥያቄያችሁ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። ያነበባችሁት ካለ የት እንዳነበባችሁት ተናገሩ። የምትጠይቁት ካጣችሁ ደግሞ «ይህን በምን አወቁት?» በሉ። ይህች አጭር ጥያቄ ስንቱን ተናጋሪ ላብ እንደምታስጠርግ ብታዩ! የሚያውቀው ተናጋሪ ግን ደስ ነው የሚለው። ወረቀቱን ያወጣል፤ ማን እንደነገረው፣ የቱ ማኅደር ውስጥ እንዳገኘው ያስረዳል። ከንግግሩ ይልቅ ይኼኛው ይጥማል።

ግድግዳው የሚያውቀው

አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ተናጋሪ ባይኖርም ይናገራል። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውሰዱ። በየቀኑ በበሩ በታክሲ የምናልፍ ስንቶቻችን ነን?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ ነው። ጣሊያኖች ለድሆች ምጽዋት እንሰጣለን ብለው ሕዝብ ሰብስበው ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማው ለሦስት ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ደግሞ ወደ ሰማይ ወጥቶ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዷ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት ትቆጥራለች። አሁን ከጫፉ ላይ የተቀመጠው የይሁዳ አንበሳ ነው። ጣሊያን ሠራ፣ እኛ አንበሳ አስቀመጥንበት! ማን እንዳሰበው ባናውቅም ምራቁን የዋጠ ሰው መሆን አለበት።

እዚያው ቤት ውስጥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በጥይት ተደበደቡ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ስዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገባበት፤ የንጉሡ መኝታና መታጠቢያ ክፍል ሳይቀር የሙዚየም አካል ሆነ። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እንግሊዛዊ ሆነው ዕድሜያቸውን እዚህ ጨርሰው፣ በየካቲት 2009 ዓ.ም አርፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩ ሰው ናቸው። ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ በየመድረኩ ከለፈለፉት አንዱ እሳቸው ናቸው። ጣሊያን ልትመልስ በ1947 እ.ኤ.አ. ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር መደጋገም ምን ያህል እንደሚሰለች አስቡት።

19 ሺህ ወይስ 30 ሺህ?

ስድስት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ በየካቲት 12 ጉዳይ ላይ የተነሳ ክርክር ልንነግራችሁ ነው። ተናጋሪው ሁለት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አንዱ ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያስመዘገበችው 30,000 ነው። ሌላው ኢያን ካምቤል የተባሉ አጥኚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የደረሱበት ወደ 19,000 ገደማ የሚሆን ግምት ነው።

ይኼኔ ከኋላ አንድ ወጣት ብድግ አለ። «ሰማዕታቱን እያሳነሱብን ነው! ለማን ብለው ነው የሚቀንሱት?» አዳራሹ ግማሹ አጨበጨበ። ተናጋሪው አልተቆጡም። የሞተ ሰው እንዴት እንደሚቆጠር ማስረዳት ጀመሩ። ዝርዝር አልነበረም፤ ሬሳው በእሳት የጠፋ፣ በጅምላ የተቀበረ ነው። ስለዚህ አጥኚው የቀረው መንገድ በዓይናቸው ያዩትን ሰዎች ቃል መልቀም ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ የነበረው የሃንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ የጻፈው አለ፤ የውጭ ዲፕሎማቶች ሪፖርት አለ፤ ጣሊያኖች ራሳቸው የተላላኩት ቴሌግራም አለ። እነዚህን ሰፈር በሰፈር ማመሳከር ነው። 19,000 ደግሞ ከዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ነዋሪ ከአምስት አንድ ገደማ ማለት ነው አሉ። ይኼኔ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከአምስት አንድ! እስቲ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ቁጠሩ።

ቀጥሎ ነጠላ የለበሱ እናት እጃቸውን አወጡ። «የኔ ልጅ» አሉት ወጣቱን ዞር ብለው፤ «አያቴ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ወጥቶ የቀረ ነው። አንተ ስለ ቁጥሩ ትጣላለህ። እኔ እሱ በየትኛው ቁጥር ውስጥ እንደገባ ነው ማወቅ የምፈልገው። ስሙ የትም የለም።» ተናጋሪው መልስ አልነበራቸውም። የአያትየውን ስምና ሰፈር ግን ጠይቀው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ወጣቱም ሲወጡ ከዘራቸውን ተቀብሎ እስከ ታክሲ ሸኛቸው አሉ።

በቲክቶክ ላይ ይህ ክርክር ቢነሳ እንዴት ያልቅ እንደነበር እናንተው ፍረዱ። ስልክ ላይ የማትተዋወቁ ሰዎች ስለ አያቶቻችሁ ትሰዳደባላችሁ፤ እዚህ ግን አያቱ የሞተችባት ሴት ሁለት ወንበር ከፊትህ ተቀምጣለች። አፍህን ትሰበስባለህ።

ለመጀመሪያ ቀጠሮስ?

አንዳንድ ወንዶች ይህን ስታነቡ «ርካሽ ቀጠሮ ተገኘ!» ብላችኋል አይደል? እውነት ነው፣ ይረክሳል። ግን ተጠንቀቁ። መጀመሪያ «የት ነው የምንሄደው?» ስትላችሁ «ሰርፕራይዝ ነው» ብላችሁ፣ እሷም ታኮ ጫማ አድርጋ መጥታ፣ የሦስት ሰዓት ንግግር ላይ ብታስቀምጧት ሁለተኛ ስልካችሁን አታነሳም። ቀድማችሁ ንገሯት። ርዕሱንም እሷ ትምረጥ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ሻይ ቤት ገብታችሁ ስለሰማችሁት ስታወሩ ግን ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ከስድስት ወር የካፌ ጨዋታ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ስለ ታሪክ ሲወራ ማን እንደሚቆጣ፣ ማን እንደሚያዳምጥ፣ ማን የሌላውን ቤት ለቅሶ እንደሚያላግጥበት ቶሎ ይታያል።

ይህን ያልነው በምክንያት ነው። ለዝግጅት ክፍላችን የደረሰ አንድ ደብዳቤ አለና።

«አባዬ፣ አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ያለፈው ፍቅረኛ አላት፤ ልጁ በመጪው ዓመት ሽማግሌ ሊልክ አስቧል። የልጁ አባት ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። አያትየው እስኪሞቱ ድረስ ማታ ማታ የግቢውን በር ሳይቆልፉ ነበር የሚያድሩት፤ ይመጣል ብለው።

ልጁ አንድ ቅዳሜ ስለ ቀይ ሽብር የሚወራበት ንግግር ላይ ይዟት ሄደ። ከዚያ በፊት መስቀል አደባባይ ዳር በ2002 ዓ.ም የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አይታ አታውቅም ነበር። የደርጉ ሊቀመንበር ሚያዝያ 1969 ዓ.ም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሰብረው ያሳዩበት አደባባይ ይኸው ራሱ ነው፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በመስታወት ውስጥ የራስ ቅልና ከጉድጓድ የወጣ ልብስ አየች። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት የጉርድ ፎቶግራፎች ግን ናቸው ያልለቀቋት። «ብዙዎቹ ከእኔ ያንሳሉ» ትላለች።

አባቷ ያኔ 17 ዓመታቸው ነበር። ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ተነስተው ይወጣሉ።

እሁድ ምሳ ላይ፣ ወንድሞቿና አክስቷ ባሉበት፣ «አባዬ፣ አንተ ያኔ የት ነበርክ?» አለች። አባት የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን ታጥበው ወጡ። 12 ቀን ከ«ደህና ዋልሽ» በቀር ቃል አልወጣቸውም። እናቷ «ያለፈውን ምን አስቆፈረሽ? ሰውዬውን ልትገይብኝ ነው?» አሏት።

እኛም እንዲህ ብለን መለስንላት። ጥያቄሽ ልክ ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። ሰው በቤተሰቡ ፊት፣ ምግብ ላይ፣ «የት ነበርክ?» ሲባል ፍርድ ቤት የቀረበ ይመስለዋል። ብቻችሁን ሁኑ። ፊት ለፊት አትቀመጪ፤ አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ይኑር፤ ቡና ልቀሚ፣ ወይ በእግር ሂዱ። «ምን አደረግህ?» አትበይ። «ጓደኛህ ማን ነበር?» በይ። ስልክሽን አውጥተሽ ልቅረጽህ እንዳትይ! አልናገርም ካለም እሺ በይና ሌላ ወሬ አምጪ። እንደገና የሚጀምርበት በር አይዘጋም።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ቁም ሳጥን ሲያጸዱ አንድ ፎቶግራፍ አገኘች። ቤልቦተም ሱሪ የለበሱ፣ አፍሮ ያጎፈሩ ሦስት ልጆች የፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆመዋል። አንዱ አባቷ ናቸው። «ይኼኛውስ ማነው?» አለች። አባት ፎቶውን ተቀብለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ልጁ የሰፈር ጓደኛቸው ነው፤ ኳስ አብረው ይጫወቱ ነበር። አባት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሆነው ጠመንጃ ተሰጣቸው። አንድ ማታ ጓደኛቸው ታስሮ መጣ። «ያን ሌሊት ተረኛ እኔ ነበርኩ» አሏት። «በስሜ ጠራኝ። ውኃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ እንዳላፍር ብሎ ይመስለኛል። ጠዋት ተረኛ ቀይሬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ አልነበረም።» ከዚያ ዝም አሉ። «እናቱ እዚሁ ሰፈር እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ ነበሩ። ሰላም ይሉኝ ነበር» አሉና ወጡ።

አሁን የምትጠይቀን ይህን ነው፦ «ለፍቅረኛዬ ልንገረው ወይስ ልተወው? የእሱ አጎት የተወሰደው ከሌላ ቀበሌ ነው። አባቴ አላወቀውም፣ አልነካውም። ግን እነዚያ በሩን ሳይቆልፉ ያደሩ ሴትዮ ቤት ነው የምገባው። ብነግረው ያጣኛል፤ ባልነግረው እያንዳንዱ በዓል ላይ አባቴና አባቱ አንድ ትሪ ሲበሉ እያየሁ ልኖር ነው።»

እህታችን፣ ይህን በቀላሉ የሚመልስልሽ ሰው ካለ አትመኚው። የኛን ሐሳብ ግን እንንገርሽ።

ታሪኩ የአባትሽ ነው። ለ26 ዓመት ያልነገሩሽን ነገር አልጋ ጠርዝ ላይ ሰጡሽ፤ ሳታስፈቅጂ ለሌላ ሰው አሳልፈሽ ብትሰጪ ሁለተኛ አይነግሩሽም። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂ። «አባዬ፣ ላገባው ነው፤ ይህን ልንገረው?» በይ። ምናልባት «እኔው እነግረዋለሁ» ይሉሽ ይሆናል። ሽማግሌ የሆነ ሰው እንዲህ ሲል ሰምተናል።

«አይሆንም» ካሉሽ ደግሞ ዝርዝሩን ተይው። የውኃውንም፣ የጓደኛውንም ነገር ተይው። ግን ልጁን ብቻውን ወስደሽ አንዲት ነገር ንገሪው፦ አባቴ በዚያን ጊዜ የቀበሌ ጥበቃ ነበር፤ የቀረውን መናገር ያለበት እሱ ነው። ይህን እንኳ ደብቀሽ ብትገቢ፣ አንድ ቀን የሰፈር ሰው በለቅሶ ድንኳን ውስጥ «ያንተ አማት እኮ…» ማለቱ አይቀርም። ያኔ የሚጠላው አባትሽን ሳይሆን አንቺን ነው።

ልጁ ሊከፋው ይችላል። ጥቂት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። እንዳትከተይው። ወደዚያ አዳራሽ የወሰደሽ እሱ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች እንድታዪለት የፈለገውም እሱ ነው። እነዚያን ልጆች የጠበቀ ሌላ የ17 ዓመት ልጅ እንደነበር ለማሰብ ጊዜ ስጪው።

ይህን ሁሉ ግን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አድርጊው። ሽማግሌ ቤት ከገባ በኋላ ጉዳዩ የሁለታችሁ መሆኑ ይቀራል፤ የሁለት ቤተሰብ ይሆናል፤ ሁሉም የየራሱን ሟች ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛ ደብዳቤሽን እንጠብቃለን።